ማክሰኞ ተማረ፣ እሑድ ተሾመ

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር በነፃ ይሰማል፤ አውሮፕላንና ስብከት። አውሮፕላኑ እንኳ ሰዓት አለው። ስብከቱ የሚነሣበት እንጂ የሚያርፍበት አይታወቅም።

እኔ ያለሁበት ፓይፕላይን ሰፈር ፎቅ ከፎቅ ትከሻ ለትከሻ ስለተደጋገፈ ፀሐይ ራሷ ተራ ጠብቃ ነው የምትገባው። ከፎቆቹ እግር ሥር፣ ከውኃ ሻጩ ጀሪካንና ከቻፓቲ ጋጋሪዋ ምጣድ ጎን፣ ሦስት የቆርቆሮ ጸሎት ቤቶች ተሰልፈዋል። እሑድ ጠዋት የሦስቱ ድምፅ ማጉያ አንድ ላይ ሲለቀቅ የአንዱን ስብከት የሌላው ምእመን «አሜን» ይለዋል። ባለፈው አንዱ ሰባኪ «ጠላትህ ይውደቅ!» ብሎ ሲጮኽ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶቹ በእልልታ ተቀበሉት፤ ጠላት የተባለው የራሳቸው ሰባኪ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ሁሉም እኩል ዝም የሚሉት ከጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ የተነሣ የጭነት አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ብቻ ነው።

እኛ ሐበሾቹ እሑድ ከሰዓት የምንሰበሰበው ፌዳ በኩል ባለች አንዲት ቡና ቤት ነው። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን። ዕጣኑን ከኢስሊ ያስመጣሉ፣ ተረቡን ግን ራሳቸው ያፈላሉ። ከደንበኞቹ አውራው መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ የምንላቸው ለጨዋታ ነው። ልጅ ሆነው ጎጃም ዋሸራ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ሳይጨርሱ ጠፉ፤ ዛሬ የከባድ መኪና ራዲያተር በያጅ ናቸው። «በማዕረግ አትጥሩኝ፤ ማዕረጉን ለማግኘት አሥር ዓመት ሲቀረኝ ነው ያመለጥኩት» ይላሉ።

አንድ እሑድ ሞባይል ጠጋኙ ልጅ አንጸባራቂ ወረቀት ይዞ ገባ። ወረቀቱ ላይ ሐምራዊ ካባ የለበሰ ሰው ጣቱን ቀስሮብናል። ሥሩ የሦስት ወር የአገልጋይነት ሥልጠና፣ ከምረቃ ጋር፣ ከካባ ጋር፣ እጅ ከመጫን ጋር ይላል። ከሁሉ በታች በደማቁ የኤምፔሳ ቁጥር አለ። የማን ወረቀት እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገርም አይጠቅምም፤ ቀጥሎ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ የሌላ ሰው ተመሳሳይ ወረቀት ተለጥፏል።

«ጋሼ መሪጌታ፣ ልማር ነው» አለ ልጁ።

«ደግ። ምን?»

«ፓስተርነት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ወር። ግን ማታ ማታ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ።»

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሃያ ስድስት ማታ። መብራት የሚጠፋበት ሲቀነስ ሃያ።»

«ዝናብ የሚጥልበትስ?» አሉ እትዬ ከጀበናው ሳይነሡ።

«አሥራ አምስት።»

«ስለ አሥራት የሚማሩበትስ?»

«እሱማ በዝናብም አይቀር።»

ልጁ ሳቀ። እሱም ቢሆን ሲተርቡት የሚያኮርፍ ዓይነት አይደለም፤ ቢያኮርፍ እዚህ ቤት ቡና አያገኝም። መሪጌታ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

«ስልክ መጠገን ስንት ጊዜ ተማርክ?»

«ሁለት ዓመት። ሉቱሊ አቬኑ አንድ ኪኩዩ ሥር ቁጭ ብዬ። ስድስቱን ወር ብሎን መለየትና ማጽዳት ብቻ ነበር። መበየጃውን እንድይዝ የፈቀደልኝ በዓመቴ ነው።»

«ለስልክ ሁለት ዓመት፣ ለነፍስ አሥራ አምስት ማታ!»

«ነፍስ እኮ የእግዜር ናት ጋሼ፤ እሱ ይጠግናታል።»

«ስልኩስ የሳምሰንግ አይደል? ለምን ሳምሰንግ መጥቶ አይጠግነውም?»

«ስልክ ባበላሽ ባለቤቱ መጥቶ ያንቀኛል።»

«የነፍሱም ባለቤት ይመጣል። አይቸኩልም እንጂ ይመጣል።»

«እኔ ግን ጥሪ መጥቶልኛል!»

«ማን እንደደወለ አይተሃል?»

«ኧረ መሪጌታ!»

«አይ፣ ሙያህ ስለሆነ ነው። ቁጥሩን ሳታይ የምታነሣ ሰው አልመስል ብለኸኝ ነው። ሚስኮልም ይኖራል።»

እዚህ ላይ ልጁን ላግዘው ብዬ ገባሁ። ልጁ ምን አጠፋ? የአገሩ ሕግ ነው ያሳሳተው። በዚህ ከተማ 14 ሰው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ጭኖ ከኢምባካሲ መሐል ከተማ ለማድረስ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የሕዝብ ማመላለሻ ባጅ ይጠየቃል፤ ከፖሊስም የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሦስት መቶ ሰው ጭኖ መንግሥተ ሰማያት ለማድረስ ግን ድምፅ ማጉያ ይበቃል።

መንግሥት ይህን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። በ2016 መባቻ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጊቱ ሙይጋይ አንድ ደንብ ይዘው ብቅ አሉ፤ ሰባኪ የሚሆን ሰው ከታወቀ ተቋም የነገረ መለኮት ምስክር ወረቀት ያምጣ፣ እንደ ማታቱ ሹፌሩም ከፖሊስ ንጹሕ መሆኑን ያስመስክር የሚል። (ዓመቱን የምጽፈው እንደ አገሬው አቆጣጠር ነው። በእኛ ከጻፍኩት ሰባት ስምንት ዓመት ይቀነስና አንዳንዱ ቢሾፕ ትምህርት ቤት ሳይገባ ተሾመ ያሰኛል። እንዲያውም ልክ የሚመጣው በእኛው ሳይሆን አይቀርም።) የሃይማኖት መሪዎቹ የተማሩትም ያልተማሩትም አንድ ላይ ተነሡ። የተማሩት «መንግሥት መሠዊያችን ውስጥ ምን አገባው?» አሉ፤ ይህ የሚያስኬድ ጥያቄ ነው። ያልተማሩት ከተማሩት ጀርባ ቆመው «አሜን» አሉ። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ደንቡ ተመልሶ ምክክር ይደረግበት ብለው አስቆሙት።

«ታዲያ ደግ አደረጉ!» አለ ልጁ።

«ቆይ» አልኩት።

በ2023 ሚያዝያ ኪሊፊ ካውንቲ ውስጥ፣ ሻካሆላ ከሚባል ጫካ፣ ፖሊስ መቃብር መቆፈር ጀመረ። ተቆፍሮ ተቆፍሮ የወጣው አስከሬን ከ400 በላይ ሆነ፤ ከመካከላቸው ብዙ ሕፃናት አሉ። ዐቃቤ ሕግ የሚለው፣ ሰዎቹ ጌታን እንድታገኙት ጹሙ ተብለው በረሃብ አለቁ ነው። የተከሰሰው ሰባኪ ፖል ማኬንዚ ነው፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑን በ2003 ከመመሥረቱ በፊት ማሊንዲ ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር።

እትዬ ስኒውን አስቀመጡ። «ታክሲውን ሲነዳ መንጃ ፈቃድ ነበረው?»

«ይኖረዋል።»

«ሰዉን ሲነዳስ?»

ማንም አልሳቀም። ዕጣኑ ብቻ ተነሣ።

ዝምታውን የሰበረው ልጁ ራሱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ዲግሪ የኖረውን መከራከሪያ መዘዘ። «እሺ፣ ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ዲግሪ ነበረው?»

ይህቺን ጥያቄ ኢምባካሲ ውስጥ ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥርም። ሩዋንዳ በ2018 የቤተ ክርስቲያን መሪ የነገረ መለኮት ዲግሪ ይኑረው ብላ ሕግ ስታወጣም የብዙዎች መልስ ይህችው ነበረች። እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም። መሪጌታ ግን ነበራቸው።

«ዲግሪ አልነበረውም፤ መምህር ነበረው። ሦስት ዓመት አብሮ በልቷል፣ አብሮ ተጉዟል፣ አብሮ አድሯል። ውኃ ላይ ልሂድ ብሎ ሰጥሟል፣ ሳያስብ ተናግሮ አፍሯል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሰይጣን እስከ መባል ተገሥጿል። ያን ወረቀት የሰጠህ ሰውዬ አንድ ቀን ሰይጣን ሊልህ ይችላል?»

«እንዴት ብሎ? ከፍዬ!»

«እሱን ነው የምልህ።»

በበኩሌ ከዚያ ቀን በኋላ ምስክር ወረቀት ያለው የሌለው የሚለውን ክርክር ትቻለሁ። ወረቀት ማተሚያ ቤት ይሠራዋል፤ ሪቨር ሮድ ወርዶ የጠየቀ ካባውንም ያሰፋል። «ገና ነህ፣ አልበሰልክም» የሚል ሰው ግን ማን ያትመዋል? ከፋይ ተማሪን «ገና ነህ» ማለት ኪስን መቅደድ ነው።

መሪጌታ ሞቅ አላቸውና ወደ ዋሸራ ሄዱ። «እኛ ዘንድ መመዝገቢያው ውሻ ነው» አሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በየደጃፉ በእመቤታችን ስም እየለመነ የሚኖር የቆሎ ተማሪ፣ ውሻ ያልነከሰው ገና ተማሪ አይባልም። ቀን ቅኔ ይቆጥራል፤ ቁጥቋጦ ሥር ተሸፋፍኖ ሐሳብ ያብላላል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸው ያርማሉ።

«አንድ ቀን» አሉ መሪጌታ፣ «ሙሉ ቀን የለፋሁበትን ጉባኤ ቃና ይዤ ቀረብኩ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ የቅኔ ሁሉ ታናሽ። ነገርኳቸው። የኔታ ዝም አሉ። ‹እንዴት ነው የኔታ?› ብላቸው፣ ‹ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ፈርሷል፣ አንዱ አልተሠራም› አሉኝ።»

ቤቱ ፈረሰ፤ በሳቅ ማለቴ ነው።

የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ይህ ሁሉ ዲያቆን ወይም ቄስ ለመሆን የግድ አይደለም። ለዲቁናና ለቅስና ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅዳሴውን ያጠና ሰው ይበቃል ይባላል። መምህር ልሁን ያለ ግን ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው በእግሩ ነው የሚዞረው። ድጓ የተማረ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ድጓው ድጓ አይባልም። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ ይኬዳል። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕድሜ ይበላል። በየቦታው «ገና ነህ» የሚል አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሽማግሌው በሰው ቁጥር የሚከፈለው የለም።

ልጁ እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ነካቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ራዲያተር ይበይዳሉ?»

«ስላልጨረስኩ። እኛ ዘንድ ያልጨረሰ ራዲያተር ይበይዳል። እዚህ ሰፈር ያልጨረሰ ቢሾፕ ይሆናል።»

መሪጌታ ሲኮሩ ግን አያስችለኝም። የራሳችንን ጓዳ ሳንጠርግ የሰው በረንዳ ላይ መተረብ ደስ አይልም። ስለዚህ አልቫሬዝን አመጣሁባቸው።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣ ቄስ ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ይህ ሰው ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ዓይቷል። በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ቄስ ነው የተሾመው። ፈተናው ምን ነበር? ተሿሚው በሰልፍ ያልፋል፤ መጽሐፍ ይገለጥለታል፤ አንድ ሁለት ቃል ያነባል። ካነበበ ክንዱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። በዲቁናው ቀንማ ጡት ያልጣሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ቀርበው ያለቅሱ ነበር።

እትዬ ተነሥተው ወገባቸውን ያዙ። «እናንተም በማኅተም ነዋ ያለፋችሁት! ለመሆኑ ማኅተሙ ሳይታይ ክንዱን የታጠበስ?»

«ታጥቦ የመጣ ዲያቆን ሆኖ ይቀራል» አሉ መሪጌታ፤ ሲተረቡም አያንሱም። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምክንያቱንም አንብብላቸው እንጂ።»

ምክንያት አለ፤ አልቫሬዝም አልደበቀውም። አገሪቱ በሞላ አንድ ጳጳስ ብቻ ነበራት፤ እሱም ከግብፅ የሚመጣ። ከአቡነ ማርቆስ በፊት 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ኖራለች። አቡኑ አርጅተዋል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ሐኪም በሃያ ዓመት አንዴ የሚመጣበት አገር ሕፃኑም ሽማግሌውም ተሰልፎ ይከተባል። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የተሾመልን በ1951፣ ፓትርያርክ ያገኘነው በ1959 ነው፤ ሁለቱም አቡነ ባስልዮስ ናቸው።

«እኛ ጳጳስ አጥተን ተቻኮልን» አሉ መሪጌታ። «ፓይፕላይን ምን አጥታ ትቸኩላለች? በአንድ ደረጃ ሦስት ቢሾፕ ይወርዳል።»

ለመሪጌታ ግማሹን እሰጣለሁ፤ ግማሹን አልሰጥም። ጳጳስ ከሞላን በኋላስ? ዛሬ በዘመድ፣ በአማላጅና በደጅ ጥናት የተቀሰሰ አንድም ሰው የለም ብሎ የሚምል ካለ ይማል፤ እኔ ከመሐላው የለሁበትም። ክንድ ላይ የተመታው ማኅተምና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት የአክስት ልጆች ናቸው።

ናይሮቢ ደግሞ የትምህርት ድሃ አይደለችም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። ሊሙሩ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ከ1903 የሞምባሳው ፍሬር ታውን ይጀምራል። ካረን በ1983 የተከፈተው የወንጌላውያኑ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዛሬ አፍሪካ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፤ የእኛ አገር ልጆችም ተምረው ወጥተውበታል። ሪሩታ በቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ በማካሪዮስ ሣልሳዊ የተሰየመ የኦርቶዶክስ ሴሚናሪ አለ። አንድ የካቶሊክ ቄስ እስኪቀሰስ ስምንት ዓመት ገደማ ያልፈዋል፤ የኢየሱሳውያኑ ሄኪማ ኮሌጅ በ1984፣ ታንጋዛ በ1986 ተቋቁመዋል። ስዋሂሊ ለማትችሉ፣ ሄኪማ ጥበብ ማለት ነው፤ ታንጋዛ አውጅ ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ቢሾፖች ሄኪማን ዘለው ታንጋዛ ላይ የወጡ ናቸው።

«ካረን ሩቅ ነው» አለ ልጁ። አሁን እየቀለደ አልነበረም። «ቀን ሱቄን ብዘጋ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ክፍያውስ?»

ይህን ተረብ አይመልሰውም። ሱቁ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት ናት፤ አንድ ሳምንት ብትዘጋ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቁጭ ይላል። በ1963 ጓቲማላ ውስጥ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ ጥያቄ ገጥሟት ነበር። የገጠር ሰባኪዎቿ እርሻና ልጆቻቸውን ጥለው ሴሚናሪ መግባት አልቻሉም። እሷም መምህሩን ወደ ተማሪው ላከች፤ ተማሪው በቤቱ ያነባል፣ መምህሩ በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቀዋል። ዘዴው ከዚያ ወዲህ አፍሪካንም አዳርሷል። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መማር ነውር የለበትም። የጓቲማላው ገበሬም በማታ አንብቧል፤ ግን ዓመታት አንብቧል፣ ደግሞም የሚጠይቀው ነበረው።

«አቋራጭ ግን አይጠላም» አለ ልጁ፣ ትንሽ ሲቀለው። «ኤክስፕረስዌይ ስንት አተረፈን!»

በአቅራቢያችን የሚያልፈውን መንገድ ማለቱ ነው፤ በ2022 የተከፈተው፣ ከምሎሎንጎ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር።

«ኤክስፕረስዌይ ላይ የሚወጣ መኪና መጀመሪያ ራዲያተሩን ያሳያል» አሉ መሪጌታ። «የማያሳየውን እኔ አውቀዋለሁ። በማግስቱ በሰንሰለት ተጎትቶ ነው የሚመጣልኝ።»

ልጁ ወረቀቱን አጠፈው፤ እንደገና ዘረጋው፤ ካባ የለበሰውን ሰውዬ አየው። «እንግዲያው እርስዎ ያስተምሩኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ።»

«እኔ? እኔ ያልጨረስኩ ነኝ። ያልጨረሰ ሰው ካስተማረህ ይኸው ያ ሦስት ወር ነው፤ ካባው ብቻ ነው የጎደለው።»

«ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?»

«ስትሳሳት ቢሰድብህ ምንም የማይቀርበት ሰው ፈልግ። ስታገኘው ለእኔም ንገረኝ።»

እትዬ ሦስተኛውን ቡና ቀዱ። ልጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ፤ ረስቶት ይሁን አውቆ አላውቅም። እሑድ ያው ድምፅ ማጉያው አለ።

እስከዚያው፣ ኢምባካሲ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ ካላችሁ ለልጁ ስጡት። ሁለት ዓመት ተምሮበታል።